ቬሎ በበቅሎ

ክር በጥርሴ ስበጥስ ምላሴ ላይ የሚቀር ጣዕም አለ። የጥጥ ክር ከሆነ ምንም አይል፤ አቧራ አቧራ ብሎ ያልፋል። ናይለን ግን ሌላ ነው። ያንሸራትታል፣ ድድ ይቆርጣል፣ ከተበጠሰም በኋላ ሰም የመሰለ ነገር አፍ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። በቀደም የሸሚዜን ቁልፍ ልተክል ብዬ ነጭ ናይለን ክር ነከስኩና ሸሚዙን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በር የሚደበድብ ሰው ያለ መሰለኝ። «በይ እንጂ! በይ እንጂ!» የሚል ትኩስ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር የተሰማኝ መሰለኝ። ዞር ብዬ ሳይ የተከራየሁት ክፍል ባዶ ነው። መንገድ ላይ ባጃጅ እየጮኸ ያልፋል፣ ሌላ ምንም የለም።

የእህቴ ሠርግ ነው የመጣብኝ። እስቲ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከሰቆጣ ዳር፣ ከተማው አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ላይ ነው። በአንድ ጆሯችን የከተማውን ወፍጮ፣ በሌላው የጎረቤት አህያ እየሰማን ነው ያደግነው። እህቴ ሃያን አልፋ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች እንጂ በቁመት ትከሻዬን አታልፍም። እኔ እንደ ሸንበቆ የተመዘዝኩ፣ እሷ ድንቡሽ ያለች። ሰው አብረን ሲያየን ታላቋ እኔ እመስለው ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን ወዲያው ይገባዋል።

እሷ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል የተወችው እናቴ ወገቧን ታማ በተኛችበት ዓመት ነው። ማንም ትምህርትሽን ተይ አላላትም። አንድ ጠዋት ዩኒፎርሟን አጠበች፣ አሰጣችው፣ ሲደርቅ አጣጥፋ ለኔ ሰጠችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ማገዶው፣ ውሃው፣ ከብቱ ሁሉ እሷ ላይ ነበር። ጫማ ይገዛልኝ ብላ አታውቅም፣ ሻሽ ይገዛልኝ ብላ አታውቅም። እኔ ግን በሁለታችንም ፋንታ እጠይቅ ነበር።

ሙሽራው የዝቋላ ሰው ነው፣ የኛው የዋግ ቆላ፤ ማሽላ የሚያርስ፣ ፍየል የሚያረባ፣ ከደህና ቤተሰብ። አይታዋለች፣ አነጋግራዋለች፣ አልጠላችውም። «ሲያወሩት ያዳምጣል» አለችኝ ስለሱ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ይህን የሚችል ወንድ ዋግ ውስጥ ስንት አለ?» አልኳት። በሳቅ ተንፈራፈረች።

ታዲያ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ፣ አንድ ቀን ማዕድ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ይቺ ምንም ጠይቃ የማታውቅ ልጅ ቀና ብላ፣

«ቬሎ ነው የምለብሰው» አለች።

የአባቴ ጉርሻ አፉ አጠገብ ቆመ። «ምን?»

«ቬሎ፣ አባባ።»

በእኛ ሠፈር ቬሎ ለብሳ የተዳረች ሴት አልነበረችም። መሀል ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ለብሰው አይተናል፤ አጥር ላይ ተንጠልጥለን አይተናል። የኛ ሠፈር ሙሽራ ጥለት ያለው ቀሚሷን ለብሳ፣ ካባ ተደርቦላት፣ ተሸፋፍና ነው የምትሄደው። አባቴ ቁርጥ ያለ ገበሬ ነው፤ ቃል አያበዛም። ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው።

«ለምን?» አለ።

እህቴ ትንሽ አሰበች። «ከዚያ ወዲያ ምን እንደምለብስ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው።»

አባቴ ጉርሻውን አነሳ፣ ጎረሰ፣ አላምጦ ዋጠ። ከዚያ፣ «እስቲ መጀመሪያ ልብሱን ልየው» አለ። ከአባቴ አፍ ይሄ እሺታ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይጨፍር ጀመር።

ልብሱን ያመጣችው ወልዲያ ያለችው አክስቴ ነች፤ የእናቴ ታናሽ። ልጇ ዓምና በሱ ነው የተዳረችው። አውቶቡሱ ሲቆም አክስቴ ከሰው ሁሉ ቀድማ ወረደች፤ በአንድ እጇ ትልቅ ማዳበሪያ አቅፋ፣ በሌላው በገመድ የተጠፈረ የሽቦ ጥቅል ይዛ፣ ፊቷ በአቧራ ተለውሶ። «ኬላው ላይ ወጥመድ ነው ብለው ሊቀሙኝ!» አለች ገና ሳትስመን። «የሙሽራ ልብስ ነው ብል ማን ይመነኝ! በመጨረሻ ለብሼ አሳየኋቸው፤ ሳቁና ለቀቁኝ።»

ቤት ገብታ ጥቅሉን ስትፈታው ያ ነገር «ዥዥው!» ብሎ ተዘረጋ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ክብ ክብ ሽቦ፣ ከላይ ትንሽ፣ ከታች ትልቅ፣ በደረቅ ነጭ ጨርቅ የተለበደ ጉርድ፤ ማንም ሳይለብሰው በራሱ የሚቆም። ሲነኩት ይወዛወዛል፣ ሲለቁት «ሿ» ይላል። ዶሮዋ ከአልጋ ሥር ተፈናጥራ ወጣች።

«ጁፖን ይባላል» አለች አክስቴ በኩራት። «ከቀሚሱ ሥር ነው የሚለበስ። ቬሎ የሚነፋው በዚህ ነው።»

አባቴ ዙሪያውን ዞረው። በበትሩ ጫፍ ነካ አደረገው። «ንብ ነው የሚገባበት?» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ቀፎው ሆነ።

ቀሚሱን ደግሞ ከማዳበሪያው ስታወጣው ቤቱ ውስጥ ብርሃን የጨመረ መሰለኝ። ሳቲን ነው፤ ደረቱ ላይ ዶቃ የተለጠፈበት፣ ከወገቡ በታች ዳንቴል በዳንቴል ላይ የተደራረበ። ናፍታሊንና የሌላ ሰው ሽቶ ሸተተኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ።

እህቴ ለበሰችው። ለበሰችው ማለት እንኳ አይቻልም፣ ዋጣት። የአክስቴ ልጅ ቁመቷ የኔን ያህል ነው፤ እህቴ ደግሞ ነገርኳችሁ። ቀፎውም ገብቶበት ጨርቁ መሬት ላይ ክንድ ያህል ተጎልቶ ቀረ። አንድ እርምጃ ብትራመድ በአፍንጫዋ ተደፋች፤ እናቴ ይዛ አተረፈቻት።

«ቆርጠን እናሳጥረው» አልኩ።

አክስቴ በሁለት እጇ አየሩን ከለከለች። «መቀስ የሚባል ነገር አይጠጋውም! የታናሿ ልጄም ሠርግ ይመጣል። ማጠፍ ትችላላችሁ፣ መስፋት ትችላላችሁ። መቀስ ግን፣ እኔ ልቆረጥ!»

አባቴ በር ላይ ሆኖ የራሱን ፍርድ ጨመረበት። «ስሙኝ። ልጄ ወድቃ ሰው እንዲስቅባት አልፈልግም። እግሯንም ሰው እንዲያይ አልፈልግም። ጣቷ እንኳ እንዳይታይ። ይሄን ካደረጋችሁ ትልበሰው። ካላደረጋችሁ ሸማዋ ሳጥኑ ውስጥ አለ።»

እንግዲህ ይኸው ነው ነገሩ። ካጠረ እግሯ ይታያል፣ ከረዘመ ትደፋለች። ልኩ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመሬት ጥፍር በምታህል ከፍታ።

ገበያ መሀል ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድነው። ጨርቁን ገላለጠና «ይሄን ከመኪናው ሥር ላስገባ ብል እኔ የት ልቀመጥ ነው? ሱቁን እንኳ አይበቃውም» ብሎ መለሰልን። ተመልሰን ስንመጣ መንገዱ ላይ «እኔ እሰፋዋለሁ» አልኩ። ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ተምሬያለሁ፤ የትራስ ጨርቅ ጠርዝ ዘምዝሜ ሸልመውኛል። እናቴ ቆማ አየችኝ። «አንች? ቁጭ ብለሽ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ቁጭ ማለት አልወድም። ለዚያ ቀሚስ ግን ቁጭ አልኩ።

እህቴ ቀፎውን ለብሳ፣ ቀሚሱን ከላይ አጥልቃ፣ አክስቴ ያመጣችውን ባለ ተረከዝ ነጭ ጫማ አድርጋ መሀል ቤት ትቆማለች። እኔ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ በስንዝር እለካለሁ። እግሯ በእንሶስላ ቀልቷል፣ እጇ ገና እንደተጠቀለለ ነው፣ ፀጉሯ በቅቤ ርሷል፤ ራሷን ብታክ ሳቲኑ አለቀለት። ስለዚህ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ነው የምትቆመው፣ እንደተማረከ ወታደር። ቅቤው በጆሮዋ ግንድ ሲወርድ እናቴ ባቄላ መልቀሟን ትታ እየሮጠች በጨርቅ ትቀበለዋለች።

«አፍንጫዬን እከኪልኝ» ትለኛለች እህቴ።

«ቁሚ! ከተንቀሳቀሽ በመርፌ ነው የምወጋሽ።»

«ወግተሽኛል እኮ። አራት ጊዜ።»

«አምስተኛው እየመጣ ነው።»

ከዳንቴሉ ሥር፣ ሰው በማያየው በኩል፣ ሳቲኑን ወደ ውስጥ አጥፌ ዙሪያውን ሰፋሁት። የቀፎው ዙር ማለቂያ የለውም፤ እሰፋለሁ፣ እሰፋለሁ፣ የጀመርኩበት አይመጣም። ክሩ ናይለን ነው። እንዳይላቀቅ ብዬ ጥቅጥቅ አድርጌ፣ ደጋግሜ፣ እያንዳንዱን ሦስቴ እያሠርኩ። ስጨርስ ጣቶቼ ተበሳስተው ነበር፤ ደሜ ጨርቁን እንዳይነካው እየላስኩ ነበር የሰፋሁት።

ቤት ውስጥ የነበረን መስታወት መዳፍ ያክላል። አክስቴ ይዛ ከላይ እስከ ታች አወረደችላት፤ እህቴ ራሷን በቁራጭ በቁራጭ አየች። ደረቷን፣ ወገቧን፣ ከዚያ ጠርዙን። ጠርዙ ጋ ስትደርስ «ቆይ፣ እዚያ ላይ አቁሚው» አለች። ረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ አባቴ ተጠራ። ከአልጋው እስከ በሩ ተራመደች። እግሯ የለም! ጨርቁ መሬቱን ሳይነካ ይንሳፈፋል፤ «ሿ፣ ሿ፣ ሿ» ይላል። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ተነሳ፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይቺ ልጅ በምንድን ነው የምትሄደው?» አለ። ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ አየሁበት። «ይሁን። ትልበሰው።»

ግቢውን ሁለት ጊዜ በሩጫ ዞርኩት።

አሁን አስቡት። እናቴ እዚያ ነበረች፣ አክስቴ ነበረች፣ አባቴ ነበር፣ እኔ ነበርኩ። ሁላችንም ከተወለድን ጀምሮ ሠርግ አይተናል። እናቴና አክስቴ ራሳቸው ሙሽራ ሆነው ያውቃሉ። በአገራችን ሙሽራ ከአባቷ ቤት በእግሯ እንደማትወጣ ከኛ መሀል የማያውቅ አልነበረም። አንደኛው ሚዜ ያዝላታል፤ አዝሎ ያወጣታል፣ በቅሎ ላይ ያስቀምጣታል፣ እዚያም ሲደርስ አዝሎ ያወርዳታል። እግሯ ያባቷን ደጅ አይረግጥም። ይሄን እያወቅን ሁላችንም ስንለካ የከረምነው መራመጃዋን ነው።

የሠርጉ ቀን ፀሐዩ ገና ሳይጠና የበቅሎ ቃጭል ተሰማ። ሙሽራውና አጃቢዎቹ አቧራ ለብሰው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ እየዘለሉ እየዘፈኑ ገቡ። ዳሱ በጠላና በእርጥብ ቅጠል ሽታ ተሞላ። ከበሮው መሬቱን ሲመታው መሬቱ በእግሬ በኩል ወደ ሆዴ ይመጣ ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ፣ «ሙሽራችንን ስጡን» ተባለ። እህቴ ከውስጥ፣ በቬሎዋ፣ ዐይነ ርግብ ፊቷ ላይ ወርዶ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። እልል በሉ! አንደኛው ሚዜ ገባ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቂታ፣ የሙሽራው አጎት ልጅ። ቬሎውን ሲያይ ሳቁ ትንሽ ቆመ። ቢሆንም ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ።

«ነይ እንግዲህ ሙሽሪት፤ ሸክሜ ነሽ» አለ።

እህቴ አንገቱን አቅፋ ታዘለችው። እሱም «እህህ!» ብሎ ተነሳና ከበሩ ወጣ።

ቀፎው ሽቦ ነው። ከፊት በኩል በሚዜው ጀርባ ሲጨፈለቅ በኋላ በኩል ወደ ላይ ተገለበጠ። ነፋስ እንደገለበጠው ዣንጥላ! የፊቱ ሽቦ ተስፈንጥሮ ሚዜውን ማጅራቱን መታው፣ «ዋይ!» አለ። የኋላው ደግሞ ቀሚሱን ይዞ ጀርባዋ ድረስ ተሰቀለ፤ በእንሶስላ የቀላው የእህቴ እግር እስከ ጉልበቷ ድረስ ለሠርገኛው ሁሉ ተሰጣ። አንዱ ነጭ ጫማ ወልቆ ዳሱ መሀል ወደቀ። እልልታው ጉሮሮ ውስጥ ቀረ። ከበሮው ቆመ። ከአጃቢዎቹ አንዱ «ኧረ ይቺ ሙሽራ ክንፍ አላት!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ።

አባቴ ሳቀ? አልሳቀም። «መልሳት» አለው ሚዜውን። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አስገባት። ሸማዋን አውጡላት።»

ሚዜው መልሶ አስገባት፣ አወረዳትና ማጅራቱን እያሻሸ ወጣ። እህቴ ዐይነ ርግቡን ሳትገልጥ ቆመች። አላለቀሰችም። እጇን ወደ ጀርባዋ ልካ የቀሚሱን ቁልፍ መፍታት ጀመረች። ያቺን እጅ አየኋት። ዩኒፎርሟን ያጣጠፈችው እጅ ነች፤ እንደዚያው ቀስ ብላ፣ እንደዚያው ዝም ብላ።

«ተይ!» አልኳት። «አንዷንም ቁልፍ እንዳትፈቺ!» ወደ በሩ ሮጥኩ። «አባባ፣ ትንሽ ይታገሡ! ትንሽ ብቻ! እግሯ አይታይም፣ በሞቴ!»

በሩን ጠረቀምኩት።

«ቀፎውን አውጪው!» አልኩ። እናቴ ገመዱን ፈታችው፤ ቀፎው ወለሉ ላይ ወረደና እህቴ እንደ እሳት ዘለለችው። ቀፎው ከሌለ ቀሚሱ ይወድቃል። እጥፋቱ ከተፈታ ደግሞ ይረዝማል፤ ያ ሁሉ የተረፈ ጨርቅ እግሯን አልፎ ይወርዳል። በበቅሎ ለሚሄድ ሰው ርዝመት ምኑ ነው? መች ልትራመድ ነው?

ችግሩ ስፌቴ ነው። ያን ጥቅጥቅ ያለ፣ ሦስቴ ሦስቴ የታሠረ ስፌት እንዴት ብዬ ልፍታው? መቀሱን አነሳሁ። አክስቴ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አይነካውም ብያለሁ!»

«እቴቴ፣ ክሩን ብቻ ነው!»

«ቸኩለሻል! ጨርቁን ነው የምትቀጂው!» መቀሱን ቀሚሷ ውስጥ ወሸቀችው።

እኔም ጎንበስ አልኩና በጥርሴ ያዝኩት። ጠብ! አንድ። ምላሴ ላይ ያ የሰም ጣዕም መጣ። እናቴ በሌላ በኩል ተንበረከከች፤ የታመመ ወገቧን ረስታ። አክስቴ ትንሽ ቆማ አየችን፣ «ወይኔ ሰው ምን ይለኛል» አለችና እሷም ተንበረከከች። ሦስት ሴቶች ሙሽራዋን ከበን ቀሚሷን እንደ ፍየል ስንግጥ አስቡት። እህቴ ከላይ ሆና «በይ እንጂ! በይ እንጂ!» ትላለች ጆሮዬ ላይ እየተነፈሰች። በሩ ይደበደባል።

«ሙሽራዋ ገና እየተሰፋች ነው መሰለኝ!» ይላል አንዱ ከውጭ።

«ፀሐዩ ጠና! ቆላው ሳይግል እንውረድ እንጂ!»

«እናንተዬ፣ በቅሎዋ አረጀች!»

ከዚያ የአባቴን ድምፅ ሰማን። «ሁላችሁም ተነሱ» አለ። «መራቂ ነኝ።»

አባቴ ምርቃት አያስረዝምም። «ውለዱ፣ ክበዱ፣ አሜን» ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ በዚህም ይታማል። ታዲያ ሰው ሲመርቅ ደግሞ ማን ያቋርጣል? ማን ይንቀሳቀሳል? በሩን የሚደበድበው እጅ ቆመ።

«ውለዱ፣ ክበዱ!» አለ አባቴ።

«አሜን!»

«ፍየላችሁ መንታ ትውለድ!»

«አሜን!»

«ማሽላችሁን ወፍ አይልቀመው! ግሪሳ አይየው!»

«አሜን!»

«ተከዜን ስትሻገሩ ውሃው ይጉደልላችሁ! ስትጠሙ ይሙላላችሁ! በቅሎዋን እንቅፋት አይንካት! ጫኟንም አይንካው! ጎረቤታችሁ ደግ ይሁን! የጎረቤታችሁም ጎረቤት ደግ ይሁን!»

እናቴ አፏ በክር እንደተሞላ ቀና ብላ አየችኝ። «ሰማሽው?» አለች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር ያደርግ ነበር። «ይሄ ሰውዬ እኮ እንዲህ አድርጎ እኔን እንኳ መርቆኝ አያውቅም።»

እኔ የቀረኝን እበጥሳለሁ። ጠብ፣ ጠብ። ከውጭ «አሜን» እየደከመ መጣ። አባቴ ለእርሻው መረቀ፣ ለንቡ መረቀ፣ ለአማቹ መረቀ፣ ለዳኛው መረቀ። አማርኛው ሲያልቅበት ትንሽ ዝም አለ። «አለቀልን» አለች አክስቴ። በዚህ ጊዜ አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና ምርቃቱን ከመጀመሪያው፣ ከ«ውለዱ ክበዱ» ጀምሮ፣ በሌላው ቋንቋችን በኽምጣኛ እንደገና አነሳው።

እህቴ ከዐይነ ርግቧ ሥር «ሂ!» ብላ ሳቀች። በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበረች።

የመጨረሻውን ቋጠሮ ስበጥሰው ሳቲኑ «ሸርተት» ብሎ ተለቀቀና ወለሉ ላይ ፈሰሰ። በሩን ከፈትኩ። ከንፈሬ ደም ነበር። አባቴ አየኝና፣ «አሜን በሉ» አለ፣ ተቀመጠ።

ሚዜው ዳግመኛ ገባ። ማጅራቱን በነጠላ ሸፍኗል። «ወጥመዱ ወጥቷል?» አለ መጀመሪያ። ወጥቷል። አዘላት። ቀሚሱ በጀርባዋ ወርዶ፣ እግሯን ውጦ፣ የሚዜውን ባት አልፎ እስከ ተረከዙ ወረደ። በቅሎዋ ላይ ሲያስቀምጣት ደግሞ ነጩ ጨርቅ በሁለት በኩል ፈሰሰ። ፀሐዩ ሳቲኑ ላይ አረፈ፤ ዓይን ያጥበረብር ነበር። እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም፤ ያሾፉት ሰዎች እንኳ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አባቴ ወደ በቅሎዋ ሄደ። ጎንበስ ብሎ በአንድ በኩል አየ፣ ዞሮ በሌላ በኩል አየ። ከዚያ በዚያ ሻካራ እጁ ጠርዙን አንስቶ አቃናው፤ ሽንሽኑን አንድ በአንድ።

እኛ ሴቶቹ ከሠፈራችን በታች እስካለው ወንዝ እንሸኛለን፤ ከዚያ ወዲያ የሙሽራው ወገን ነው። መንገዱ ላይ እሾህ ስላለ እኔ ከበቅሎዋ ጎን እየሮጥኩ ጠርዙን ይዤላት ሄድኩ። ሚዜው ልጓሙን ይዟል። ከበሮው ከፊት ነው። ወንዙ ጋ ሌሎቹ ሴቶች ቆሙ፣ እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ አልቆምኩም፤ ውሃው ውስጥ ገብቼ ቀጠልኩ።

«ተመለሽ» አለችኝ ከዐይነ ርግቡ ሥር።

«ትንሽ።»

«ተመለሽ እኮ ነው የምልሽ። ጫማ የለሽም።»

እውነትም የለኝም። በግርግሩ ጠዋት የት እንዳደረግሁት አላውቅም፤ በባዶ እግሬ ነው የሮጥኩት። «አንች በምን አወቅሽ?» አልኳት።

ሚዜው ፊት ፊቱን እያየ ነበር። እህቴ ጠርዙን ከእጄ ቀስ ብላ ሳበችና ስንዝር ያህል ገለጠችው። የኔ ሸራ ጫማ! የትምህርት ቤቴ፣ ጣቱ ጋ የተቀደደው፣ ማሰሪያው የተቋጠረው፤ ያ ሁሉ ሳቲን ሥር፣ እርካብ ውስጥ ገብቶ።

«አንደኛው ነጭ ጫማ ዳሱ ውስጥ ቀርቶ» አለች በሹክሹክታ። «አልጋው ሥር ያንችን አገኘሁት። ወሰድኩብሽ እንግዲህ።»

«ውሰጅው» አልኩ። «ሌላ ይገዙልኛል።»

«አውቃለሁ። ትጠይቂያለሽ።»

ሳቀች። «ሙሽራ፣ አይሳቅም!» አለ ሚዜው ሳይዞር። እኔም ጠርዙን ለቀቅኩት። በቅሎዋ ዳገቱን ያዘች።

ቤት ስመለስ ዳሱ ውስጥ ሰው የለም፤ ቅጠሉ ጠውልጎ ሽታው ተለውጧል። አባቴ ከቤቱ ጀርባ፣ ካቡ ላይ ቆሞ ነበር። ድምፁ ከምርቃቱ ብዛት ተዘግቷል።

«እስከ የት ሸኘሻት?»

«ከወንዙ ማዶ።»

«ቀሚሷስ?»

«እሾህ አልነካውም።»

«እግሯ?»

«አልታየም፣ አባባ።»

ራሱን ነቀነቀ። አጠገቡ ካቡ ላይ ወጣሁ። ማዶ፣ ጋራው ላይ፣ ሰዎቹና በቅሎዎቹ የአፈሩን መልክ ይዘው ጠፍተዋል፤ ከበሮው አይሰማም። አንዲት የምታብለጨልጭ ነገር ብቻ ቀስ እያለች ትወጣለች። ስትዞር ትበራለች፣ ቁጥቋጦ ሲጋርዳት ትጠፋለች፣ ደግሞ ትበራለች።

«ሸማ ቢሆን» አለ አባቴ በዚያ በተዘጋ ድምፁ፣ «እስካሁን ጠፍታብን ነበር።»

ከተሰወረችም በኋላ ከካቡ ላይ አልወረደም።